የዶክመንተሪ ፈንድ ፍለጋ ከአዲስ አበባ፦ የትኛው በር ለእኛ ይከፈታል?

ዶክመንተሪ መስራት የሚጀምሩ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ "ብዙ ብር የሚሰጠው ፈንድ የቱ ነው?" ብለው ነው። እኔም ሁሌ የምመልሰው ብዙውን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ላይ የሚሰጠውን ፈልጉ ብዬ ነው። እኛ አገር ፊልም የሚቀረው ኤዲት ላይ ወይ ከለር ላይ ሳይደርስ ገና ሲጀመር ነው፣ ታሪኩ ተገኝቶ፣ ሰዎቹም እሺ ብለው፣ ካሜራና ድምጽ ተከራይቶ ለሁለት ሳምንት ወሎ ወይ ጋሞ ሄዶ ቀርጾ ለመመለስ የሚሆነው ብር ሲጠፋ። እዛች ጋ ያለፈ ሰው ሳምፕል፣ ማለትም ለፈንድ የሚያሳየው የተቀረጸ ናሙና አለው፣ ሳምፕል ያለው ሰው ደግሞ ከማንም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይችላል። ስለዚህ እዚህ ሪቪው ላይ እያንዳንዱን ፈንድ የምመዝነው በዚች ብቻ ነው፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ፣ አውሮፓ ውስጥ አንድም ፕሮዲዩሰር የማያውቅ፣ ጥሩ ታሪክ የያዘ ሰው ገብቶ እውነት ሊወዳደርበት ይችላል ወይ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ገንዘብ የሚከፈልበት ዶክመንተሪ እዚህም አለ እኮ። ኤንጂኦ የሚያሰራው አለ፣ የመስሪያ ቤት ምስረታ በዓል አለ፣ የባንክ የፋብሪካ ታሪክ አለ። ብዙ ጎበዝ ካሜራማን ያሳደገው እሱ ስራ ነው፣ በሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሞልቷል፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን እዛ ላይ ታሪኩን የሚመርጠው ከፋዩ ነው፣ የመጨረሻውን ኤዲት የሚያጸድቀውም እሱ ነው፣ ዴድላይኑም የሱ ነው። ኢንዲፔንደንት የምንለው ዶክመንተሪ ግን ጊዜ ይበላል፣ በጣም ነው የሚበላው። ጄሲካ በሽር ሐረር ላይ የሰራችው ፋያ ዳዪ 2021 ላይ ሰንዳንስ የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ከኋላው ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ስራ ነበረው። 10 ዓመት ሙሉ አንድን ታሪክ ይዞ ለመቆየት ብር በአንዴ አይመጣም፣ በየደረጃው በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው፣ ለዛም ነው የፈንዱን ደረጃ ማወቅ ከመጠኑ በላይ የሚያስፈልገው። ፈንዶቹ ራሳቸው ስራውን ዴቨሎፕመንት (ዝግጅቱ)፣ ፕሮዳክሽን (ቀረጻው)፣ ፖስት ፕሮዳክሽን (ከቀረጻ በኋላ ያለው ኤዲትና ድምጽ) ብለው ይከፍሉታል፣ አንዳንዱ ሶስቱንም ይሰጣል አንዳንዱ አንዷን ብቻ፣ ያላችሁበትን ደረጃ ሳታውቁ ማመልከት ማለት የናንተንም ማመልከቻውን የሚያነበውንም ሰው ጊዜ ማቃጠል ነው።

በኔ ሚዛን አንደኛ የማስቀምጠው ሆት ዶክስ ብሉ አይስ ዶክስ ፈንድን ነው። ሆት ዶክስ ቶሮንቶ የሚካሄደው ትልቁ የሰሜን አሜሪካ የዶክመንተሪ ፌስቲቫል ነው፣ ፈንዱን 2011 ላይ ብሉ አይስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆነው ሲያቋቁሙት ለአፍሪካ ዶክመንተሪ ሰሪዎች ብለው ነው ያቋቋሙት። ለዴቨሎፕመንት እስከ 10,000 የካናዳ ዶላር፣ ለፕሮዳክሽን እስከ 40,000 የካናዳ ዶላር ነው ያስቀመጡት። አሁን 40,000ውን እርሱትና 10,000ውን ተመልከቱት። ከአሜሪካ ሰው ጋር ተወዳድራችሁ ሳይሆን ከናይሮቢ፣ ከዳካር፣ ከካይሮ፣ ከጆሃንስበርግ ልጆች ጋር ተወዳድራችሁ ነው የምታገኙት፣ እነሱም ብርቱ ናቸው፣ ግን ቢያንስ ለሚያነበው ሰው አፍሪካ ውስጥ ፊልም መስራት ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመሪያው ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፣ የመኪና ኪራይ ለምን ከካሜራ ኪራይ እንደበለጠ፣ ለምን የቀበሌ ደብዳቤ እንዳስፈለገ ይገባዋል። ከተመረጡት ውስጥ የተወሰኑትን ደግሞ ሜንተር መድበው ዓመቱን ሙሉ የሚከታተሉበት አሰራር አላቸው፣ ለኔ ከብሩ እኩል ዋጋ ያለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልምድ ያለው ሰው ሻካራውን ኤዲት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረቂቅ አይቶ "ሰውየው መሀል ላይ ጠፋብኝ" ሲላችሁ የስድስት ወር ድካም ነው የሚያተርፋችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሆት ዶክስ እንደ ተቋም 2024 ላይ ክፉኛ ተናግቶ ነበር፣ ከፌስቲቫሉ በፊት 10 ፕሮግራመሮች በአንድ ጊዜ ለቀቁ፣ ቶሮንቶ ያለውን የራሱን ሲኒማ ቤትም ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ ነበር። ስለዚህ አምና የተከፈተ የማመልከቻ ዙር ዘንድሮም በዛው ወር ይከፈታል ብላችሁ ፕላናችሁን በሱ ላይ አትስሩ፣ ከራሳቸው ገጽ ላይ እስክታዩት ድረስ ጽሁፋችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ሁለተኛው ዶኩቦክስ ነው፣ ቅርባችን፣ ናይሮቢ። የኬንያዋ ፊልም ሰሪ ጁዲ ኪቢንጌ ናት የመሰረተችው፣ ለምስራቅ አፍሪካ ዶክመንተሪ ታስቦ። ዶኩቦክስን ለየት የሚያደርገው ብሩን ሰጥቶ ዞር አለማለቱ ነው፣ ወርክሾፕ አላቸው፣ ስልጠና አላቸው፣ ፊልም ያሳያሉ፣ ታሪካችሁን ከሌሎች የቀጠናው ፊልም ሰሪዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ትፈቱታላችሁ ትገጥሙታላችሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ በጣም ተዘናግተናል ብዬ ነው የማምነው። የኬንያ ዶክመንተሪ ባለፉት ዓመታት የት እንደደረሰ ያየ ሰው ይሄን ይረዳኛል፣ እዛ አንድ ትውልድ አብሮ አደገ፣ ፕሮዲዩሰር ከዳይሬክተር ጋር፣ ኤዲተር ከድምጽ ሰው ጋር ተዋወቀ፣ እኛ ጋ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚታገለው። የትኞቹ አገሮች ማመልከት እንደሚችሉ በየጥሪው ስለሚጽፉ ዝርዝሩን አንብቡ፣ ኢትዮጵያ ካለችበት ደግሞ አታመንቱ። ናይሮቢ የሁለት ሰዓት በረራ ነው፣ ለኬንያ ኤምባሲ መለመንም የለም፣ አምስተርዳም ለመሄድ የሼንገን ቪዛ ቀጠሮ ከመጠበቅ ጋር አወዳድሩት።

የአምስተርዳሙን ካነሳሁ ኢድፋ በርታ ፈንድ ሶስተኛ ነው፣ በስም ግን ከሁሉም የታወቀው እሱ ነው። ኢድፋ ማለት በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የሚካሄደው የዓለም ትልቁ የዶክመንተሪ ፌስቲቫል ነው፣ 1988 ነው የተጀመረው፣ ፈንዱ ደግሞ 1998 ላይ በሆላንዳዊው ፊልም ሰሪ ስም ያን ፍሬይማን ፈንድ ተብሎ ተቋቁሞ በኋላ ነው ስሙ የተቀየረው። ለአፍሪካ፣ ለእስያ፣ ለላቲን አሜሪካ፣ ለመካከለኛው ምስራቅ ፊልም ሰሪዎች ነው የቆመው። የሚወደድበት ነገር ድፍረቱ ነው፣ ቅርጹ ወጣ ያለ፣ ቀስ የሚል፣ ብዙ የማያወራ ፊልም ይወዳል፣ ቴሌቪዥን የማይገዛውን ፊልም እሱ ይደግፈዋል። ዳይሬክተሩ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ አገር ዜጋ መሆን ብቻ ሳይሆን እዛው የሚኖር መሆን አለበት የሚል አሰራር አላቸው፣ ይሄ ለእኛ ጥሩ ነው፣ ፓሪስ ተቀምጦ ስለ አፋር ፊልም የሚሰራ ሰው እኛን ገፍቶ አይገባም ማለት ነው።

ከባዱ ነገር ውድድሩ ነው። ከቺሊ፣ ከህንድ፣ ከሊባኖስ፣ ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው ሳምፕል ደረጃው በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ብዙዎቹ አገሮች የራሳቸው የፊልም ፈንድ ስላላቸው ወደ አምስተርዳም ሲመጡ ግማሽ መንገድ ሄደው ነው የሚመጡት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ በራሱ ኪስ የቀረጻትን ሶስት ደቂቃ ይዞ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ኢድፋን መጀመሪያ ከማንኳኳት ከብሉ አይስ ወይ ከዶኩቦክስ ትንሽ ነገር ይዞ መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ፎርሙ ላይ "እስካሁን የተገኘ ድጋፍ" የምትለዋ ቦታ ባዶ ስትሆንና አንድ ስም ሲኖርባት የሚነበበው ነገር አንድ አይደለም። ሌላው፣ ከአውሮፓ ፕሮዲዩሰር ጋር ለሚሰሩ ኮፕሮዳክሽኖች ለብቻው የቆመ ዘርፍም ስለነበራቸው ጥሪውን ስታነቡ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

እዚህ ላይ ስለ ኮፕሮዳክሽን ልናገርና ልለፍ። በርሊናሌ የሚባለው የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ወርልድ ሲኒማ ፈንድ 2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ክሪኤቲቭ ዶክመንተሪም ይቀበላል፣ ግን ብሩን ለማግኘት የጀርመን ፕሮዲዩሰር አጋር ያስፈልጋል። መጥፎ ፈንድ ሆኖ አይደለም፣ እንደውም ብሩ በዋናነት ፊልሙ በሚሰራበት አገር እንዲወጣ ማለታቸው ለእኛ ባለሙያ ደመወዝ ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት ሰው በሩ አይደለም። የጀርመን ወይ የፈረንሳይ ፕሮዲዩሰር የሚገኘው ኢሜይል በመላክ ሳይሆን ፒች ላይ፣ ማለትም ፕሮጀክታችሁን ለፈንድ ሰዎች በአካል በምታቀርቡበት መድረክ ላይ በመቆም ነው፣ ለዛ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ ደቡብ አፍሪካ የሚካሄደው የፊልም ፕሮጀክቶች ገበያ፣ ደርባን ፊልምማርት ለእኛ የሚቀርበው ነው፣ ፕሮጀክታችሁ ከተመረጠ አፍሪካን የሚያውቁ የፈንድ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ሳምንት አንድ ቦታ ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ አሜሪካኖቹ ልምጣ። ካታፑልት ፊልም ፈንድ ብዙ የኛ ሰው አያውቀውም፣ ማወቅ ግን አለበት። 2010 ነው የተመሰረተው፣ ስራው ዴቨሎፕመንት ላይ ነው፣ እስከ 20,000 ዶላር። ያ ማለት ልክ እኔ ከላይ ያልኩት ቀዳዳ ላይ የቆመ ፈንድ ነው፣ ታሪኩ አለ፣ ከሰዎቹ ጋር ያለው መተማመን አለ፣ አሁን ወጥቶ ቀርጾ ትልቁን ብር የሚጠይቅበት ሳምፕል ለመስራት የሚሆነውን ነው የሚሰጡት። አሜሪካዊ መሆን አይጠበቅም። ፉክክሩ ከመላው ዓለም ስለሆነ ቀላል አይደለም፣ ግን አላማው ከኛ ችግር ጋር በትክክል ስለሚገጥም ሊሞከር ይገባል።

ሰንዳንስ ዶክመንተሪ ፈንድ ስሙ ያስፈራል። መነሻው 1996 የተጀመረው የሶሮስ ዶክመንተሪ ፈንድ ነው፣ 2002 ላይ ወደ ሰንዳንስ ተዛወረ፣ ስለዚህ ከጥንቱም ሰብአዊ መብትና ማህበራዊ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነው፣ አሁን ግን ለአርቱም እኩል ዋጋ ይሰጣሉ። ዴቨሎፕመንትም ፕሮዳክሽንም ፖስትም አላቸው። ቺክን ኤንድ ኤግ ደግሞ 2005 ጀምሮ ለሴት ዶክመንተሪ ዳይሬክተሮች የቆመ ነው፣ የመጀመሪያ ወይ የሁለተኛ ረጅም ፊልሟን የምትሰራ እህት ካለች የነሱን ጥሪ ዓይኗን ሳትነቅል ትከታተል። የእኛ አገር ሴት ዳይሬክተሮች ቁጥራቸው ትንሽ አይደለም፣ የሚያመለክቱት ግን ትንሽ ናቸው፣ ይሄ ሁሌ ይቆጨኛል።

ከሰንዳንስ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ግን ብር አይደለም፣ የዶክመንተሪ ኮር አፕሊኬሽን የሚባለው ነገር ነው። ሰንዳንስና ሎስ አንጀለስ ያለው ኢንተርናሽናል ዶክመንተሪ አሶሴሽን፣ አይዲኤ የሚባለው፣ ከሌሎች ፈንዶች ጋር ሆነው ያወጡት አንድ ወጥ የማመልከቻ ቅርጽ ነው፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ፈንዶች ጥያቄያቸውን በሱ ላይ መስርተዋል። አንዴ በደንብ ከጻፋችሁት ለብዙ ቦታ እየቆራረጣችሁ መላክ ትችላላችሁ። በዚህ ሪቪው ውስጥ ሙሉ ነጥብ ስጥ ብባል የምሰጠው ለሱ ነው።

ውስጡ ምን አለ? መጀመሪያ ሎግላይን፣ ፊልሙ በአንድ ወይ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዛ የታሪኩ ማጠቃለያ፣ ከዛ ስለ ርእሰ ጉዳዩ፣ ከዛ የአርት አቀራረብ፣ ስራው ያለበት ደረጃና የጊዜ ሰሌዳ፣ ለማን እንደሚታይና እንዴት እንደሚሰራጭ፣ የቡድኑ ሰዎች፣ እስካሁን የተገኘውና የሚፈለገው ገንዘብ፣ በጀት፣ ሳምፕል። የኛ ሰው ማመልከቻ ሳነብ በብዛት የሚበላሸው ታሪኩና ርእሰ ጉዳዩ ላይ ነው፣ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። "ፊልሙ ወደ ቤይሩት በሄዱ የቤት ሰራተኞች ላይ ያተኩራል" ማለት ርእሰ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ደሴ ተመልሳ ስትሄድ ያላሳደገቻት ልጇ እናቴ አለቻት ወይስ አላለቻትም የሚለው ነው ታሪክ። ፈንዱ ርእሰ ጉዳዩን ከናንተ በፊት ከመቶ ሰው ሰምቶታል፣ ያቺን ሴት ግን አያውቃትም፣ እሷን የምታውቋት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የአርት አቀራረብ የምትለዋ ደግሞ አራት መስመር ተጽፎባት ትታለፋለች። "ኢንተርቪው፣ አርካይቭና ቢሮል (ማሟያ ምስል) እንጠቀማለን" ይባላል፣ እሱ የመሳሪያ ዝርዝር ነው። የሚፈልጉት ካሜራው የት እንደሚቆምና ለምን እዛ እንደሚቆም ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ብቻ ነው ወይ፣ ሰውየው ለካሜራ ያወራል ወይስ ከቡና ተርቲው ጋር ሲያወራ ነው የምንሰማው፣ ተራኪ አለ ወይ፣ ድምጹ ምን ይመስላል፣ የእሁድ ቅዳሴው ከሩቅ ይሰማል ወይ። ይሄን መጻፍ የሚችል ሰው ፊልሙን በአእምሮው አይቶታል ማለት ነው፣ አንባቢውም ያምነዋል። እንግሊዝኛችሁ ካልጠነከረ መጀመሪያ በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ወይ በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት፣ ከዛ ጎበዝ ተርጓሚ ክፈሉ፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ ከማሰብ በራስ ቋንቋ አስቦ ማስተርጎም በብዙ ይሻላል።

በጀቱ ላይ አንድ የኛ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ ጁላይ 2024 ላይ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በብር አስበው ወደ ዶላር የገለበጡ በጀቶች ሁሉ ባንዴ ተዛቡ። ከዛ ወዲህ የነዳጅም የመኪና ኪራይም የሆቴልም ዋጋ ተከትሎ ወጥቷል። ስለዚህ በጀታችሁ ላይ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሬና ቀኑን ጻፉ፣ ከውጭ የምትገዙትን እንደ ሃርድ ድራይቭ፣ ሶፍትዌር፣ በረራ ያለውን በዶላር፣ እዚህ የምትከፍሉትን በብር አስባችሁ ለዩት፣ መጠባበቂያ የሚባለውንም 10 ከመቶ አድርጋችሁ ያዙ። የራሳችሁንም ደመወዝ አስገቡ። እኛ ጋ ዳይሬክተሩ ለራሱ ዜሮ ይጽፋል፣ ለስራው ያለውን ፍቅር ያሳያል ብሎ ነው፣ ግን በጀት አንባቢ ያንን ሲያይ ይሄ ሰው ሁለት ዓመት ምን እየበላ ነው የሚሰራው ብሎ ይጨነቃል፣ ፊልሙ ያልቃል ብሎ አያምንም።

አሁን ስለ ዜናው፣ ማለትም የትኛው ፈንድ መቼ እንደተከፈተ የምንሰማበት መንገድ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ያለው አገልግሎት የተዘበራረቀ ነው። ክፍያ ጠይቀው የግራንት ዝርዝር የሚልኩ አሉ፣ አንዱን ከፍዬ ስከታተለው የሚልከው ነገር አብዛኛው በነጻ የወጣውን ገልብጦ ነበር፣ የተዘጋ ዴድላይን ሁሉ ነበረበት፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የኢትዮጵያ ሰው ማመልከት ይችላል አይችልም የሚለውን አንድም ቦታ አልጻፈም፣ ለኛ ዋናው መረጃ እሱ ሆኖ ሳለ። ስሙን አልጠራም፣ ግን ለዝርዝር ብር አትክፈሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውም ቅን ልብ ያለው ሰው ነው ሼር የሚያደርገው፣ ሆኖም ዓመቱን ሳያይ ነው የሚያስተላልፈው። እኔ የምተማመነው በአይዲኤ ነው፣ 1982 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ የግራንት ማውጫ አለው፣ ዶክመንተሪ የሚባለው መጽሔቱም ስለ ፈንዱ ዓለም በጥልቀት ይጽፋል። ከሱ ቀጥሎ የየፈንዱን የራሱን ኢሜይል ዝርዝር ነው፣ ብሉ አይስ፣ ዶኩቦክስ፣ ኢድፋ፣ ካታፑልት ጋ ገብታችሁ ኢሜይላችሁን ብትሰጡ ከማንም ቀድሞ ይደርሳችኋል። ሌላ መለያ ልስጣችሁ፣ ፌስቲቫል መመዝገቢያ ማስከፈሉ የተለመደ ነው፣ ግራንት ለማመልከት ግን ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቅ ያልሰማችሁት ድርጅት ካጋጠማችሁ ባለፉት ዓመታት እነማንን እንደደገፈ፣ ፊልሞቹ የት እንደታዩ ሳታጣሩ ካርድ ቁጥር አትስጡ።

ዜናው ራሱ ደግሞ ሰሞኑን ጥሩ አይደለም። ፓርቲሲፓንት የሚባለው ማህበራዊ ጉዳይ ላይ ፊልም የሚሰራ ትልቅ ኩባንያ ኤፕሪል 2024 ላይ ተዘጋ። 2025 ላይ የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የተያዘውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ወሰደ፣ ኮርፖሬሽን ፎር ፐብሊክ ብሮድካስቲንግም ስራውን መዝጋት ጀመረ፣ ኢንዲፔንደንት ዶክመንተሪዎችን ይደግፍ የነበረው አይቲቪኤስ ገንዘቡን በብዛት የሚያገኘው ከዛ ነበር። የሰብአዊ ሳይንስ ብሔራዊ ፈንዳቸውም በዛው ዓመት ብዙ ግራንት ሰረዘ። ይሄ አሜሪካ ነው እኛን ምን አገባን የሚል ሰው አለ። ያገባናል፣ እዛ በራቸው የተዘጋባቸው ልምድ ያላቸው አሜሪካኖች ነገ ካታፑልትና ሰንዳንስ በር ላይ ነው የሚቆሙት፣ ያው እኛ የቆምንበት በር። ለዛም ነው ለአፍሪካ ብቻ የተለዩትን ከላይ ያስቀመጥኳቸው።

አሜሪካ ለሚኖሩ የኛ ልጆች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ያልኳቸው ብዙዎቹ፣ ብሉ አይስም ኢድፋም፣ ነዋሪነት ስለሚጠይቁ ዋሽንግተን ወይ ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ በትውልድ አገር ስም ማመልከት አይቻልም፣ መዋሸትም አያስፈልግም። እነሱ ብላክ ፐብሊክ ሚዲያን ይመልከቱ፣ 1979 ጀምሮ ያለ ነው፣ የጥቁር ሕዝብ ታሪኮችን በዓለም ዙሪያ ይደግፋል፣ የስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ እዛ ቦታ አለው። የሕዝብ ሚዲያው ገንዘብ መቋረጥ እነሱንም ስለሚነካ ዘንድሮ ምን ክፍት እንደሆነ አጣርተው ይግቡ። እስራኤል ያሉት ደግሞ እዛው አገር ለዶክመንተሪ የቆመ ኒው ፈንድ ፎር ሲኒማ ኤንድ ቴሌቪዥን አላቸው፣ ከኛ የተሻለ አጭር መንገድ ነው። ጥሩው አሰራር እዚህ ያለ ዳይሬክተርና እዛ ያለ ፕሮዲዩሰር በውል ተጣምረው እያንዳንዳቸው በሚፈቀድላቸው በር ሲገቡ ነው። አንድ ፊልም ሁለት አገር ብር ያገኛል፣ ዋናው የባለቤትነት ድርሻ ከመጀመሪያው በወረቀት ይጻፍ እንጂ። በቤተሰብና በጓደኝነት ተማምኖ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ፊልሙ ሲሸለም ነው ጸብ የሚሆነው።

ስታገኙስ? ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አያስብም። ፈንዱ ብሩን ለግለሰብ ይልካል ወይስ ለድርጅት የሚለውን ከማመልከታችሁ በፊት አንብቡ፣ ለድርጅት ብቻ ከሆነ ንግድ ፈቃድ ያለው ፕሮዳክሽን ቤት ያስፈልጋችኋል፣ የራሳችሁ ከሌለ ከምታምኑት ጋር በጽሁፍ ተስማሙ፣ ለአገልግሎቱ ስንት ከመቶ እንደሚወስድ ቀድማችሁ ወስኑ። ገንዘቡ ሲገባ ባንክ ምንጩን ይጠይቃል፣ ግራንት የሚለው ነገር ለቅርንጫፍ ሰራተኛ ሁሉ ግልጽ አይደለም፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሳምንታት የቆየ ገንዘብ አውቃለሁ፣ ቀረጻው ደግሞ ከጥምቀት ጋር የተያያዘ ስለነበር ዓመት አለፈው። ስለዚህ ከፈንዱ ጋር የተፈራረማችሁትን ውልና የድጋፍ ደብዳቤ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ይዛችሁ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ አግኙ፣ ግብሩንም ከሂሳብ ሰራተኛ ጋር ተነጋገሩበት።

ውሉ ላይ የማያቸው ቦታዎች፣ ክፍያው በስንት ዙር ነው፣ ሁለተኛው ዙር የሚለቀቀው ምን ሲቀርብ ነው፣ ሪፖርቱ ደረሰኝ ይጠይቃል ወይ፣ ገጠር ደረሰኝ ከሌለ በፊርማ ወረቀት ይቀበላሉ ወይ፣ ፊልሙ ላይ መብት ይወስዳሉ ወይስ ስማቸውና ሎጎአቸው ብቻ ነው የሚገባው። በነዚህ ላይ የምታቀርቡት ጥያቄ አያስቀይማቸውም፣ እንደውም የፈንድ ሰዎች ቀድሞ የሚጠይቅ ፊልም ሰሪ ይወዳሉ፣ ኢሜይል ጻፉላቸው ይመልሳሉ።

ዘንድሮ የሚጀምር ሰው ካለ እኔ ብሆን በዚህ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ኮር አፕሊኬሽኑን ምንም ጥሪ ሳልጠብቅ ጽፌ እጨርሳለሁ፣ ከሶስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳምፕል በእንግሊዝኛ ሰብታይትል አዘጋጅቼ በፓስወርድ እጭናለሁ፣ ከዛ ዶኩቦክስና ብሉ አይስን የቀደመው ሲከፈት፣ ቀጥሎ ካታፑልትን፣ ከዶኩቦክስና ከብሉ አይስ አንዱ እሺ ካለ በኋላ ኢድፋንና ደርባንን፣ ሰንዳንስን ደግሞ ሸካራ ኤዲት መያዝ ስጀምር። እምቢ ያለ ፈንድ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት፣ ሁሉም አይመልስም፣ የመለሰላችሁን ግን ስሙን መዝግቡ፣ በሚቀጥለው ዙር በዛ አስተያየት ተስተካክሎ የመጣ ፕሮጀክት ለብቻው ነው የሚታየው።